የአራጋው በቅሎ

ክላክሱ ሲጮህ አሮጊቷ በዛች፣ አፏ ውስጥ የነበረውን ንፍሮ ሳታላምጥ ዋጠችው።

ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ቀጥ አለ። ጩኸቱ የሚመጣው ከጓሮ ነው፤ ከአሜሪካዪቱ። አሜሪካዪቱ ውስጥ ደግሞ ማንም የለም። ባለቤቷ አራጋው ትናንት አፈር ገብቷል፤ ከእሱ በቀር ያቺን አሮጌ የአሜሪካ መኪና አስነስቶ የሚያውቅ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ አልተወለደም። ክላክሱ ግን አያቆምም። እንደተወጋ በሬ አንድ ድምፅ ይዞ ይጮሃል።

"በስመ አብ!" አለች አንዷ። "ቢስሚላህ!" አለች ከጎኗ ያለችው። ቄሱ ዳዊታቸውን አጠፉ።

"እየጠራች ነው" አለች በዛች ጉሮሮዋን እያሸች።

"ማንን?"

"እኔ ምኑን አውቄ! እኔን አይሁን እንጂ። ገና ያላወራሁት ስንት አለኝ።"

በዛች ከአራጋው ቤት ጋር አጥር የምትጋራ አሮጊት ናት። ማን ማንን በድብቅ እንዳጨ፣ ማን ከአረብ አገር ምን ይዞ እንደመጣ፣ የማን ዶሮ በማን ጓሮ እንቁላል እንደምትጥል ሁሉ እሷ ዘንድ አለ። ወሬ በዛች ቤት አያድርም ይባላል። እውነት ነው፣ አያድርም። ከአንድ ወሬ በቀር።

የሟች ልጅ አበቡ ከፍራሹ ተነሳች። ሴቶቹ ነጠላዋን ያዟት።

"ኧረ ተቀመጪ! ሀዘንተኛ አይነሳም!"

"ልቀቁኝ እስቲ፤ ባትሪዋን ልፍታ ነው።"

ጓሮ ሄዳ ኮፈኑን ከፈተች፤ ከባትሪው አንዱን ገመድ አላቀቀች። ጩኸቱ ቁርጥ አለ።

አይጥ ነው። የሽቦውን ልብስ በልቶታል። አባቷ ቢያይ ኖሮ ይቆጣ ነበር። "የምትቆም መኪና ባትሪዋ ይፈታል" ይላት ነበር። "አይጥ ሽቦ ያራቁታል፤ የተራቆተ ሽቦ ብረት ሲነካ ወይ ያስጮሃል ወይ ያቃጥላል። ጎማዋንም መሬት ላይ አትተዪው፤ ድንጋይ ላይ ስቀያት፣ አለዚያ እንደተኛ በሽተኛ በአንድ ጎኗ ትቆስላለች።" ጎማውን ሰቅሎ ነበር። ባትሪውን ግን አልፈታም፤ ወር ሙሉ ሲታመም እሱንም ከአልጋ የሚያነሳው ሰው ነበር የሚፈልግ።

አሜሪካዪቱ ሰማያዊ ናት። ረጅም፣ ሆዷ ሰፊ፣ ማርሿ መሪው ስር የተሰካ። በንጉሡ ጊዜ የአንድ ባላባት ነበረች፤ ደርግ ወረሳት፣ ለመሥሪያ ቤት አገለገለች፤ ከዚያ ተገልብጣ ስንት ዓመት ዝናብ ላይ ወደቀች። ደርግ ወድቆ እነዚህ ሲገቡ፣ ብረታ ብረቱ ሲሸጥ አራጋው ገዛት። የጭነት መኪና ላይ ተጭና ስትመጣ ጣሪያዋ ተረግጧል፤ ኮፈኗ ስር ዶሮ ፈልፍሎባታል። እሱ እስኪሞት ድረስ፣ ይኸው ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው፣ ሠራት። አንድ ነገር ብቻ አልሠራም። የፊቱ ወንበር አንድ ወጥ ነበር፤ አራጋው በመጋዝ ለሁለት ቆርጦ የሹፌሩን ግማሽ አስቀረ። የጎኑ ባዶ ብረት ነው። ሰው ለምን ሲለው "አልመልስም" ይላል። ስለ ወንበሩ ይሁን ስለ ጥያቄው አይታወቅም።

ደግሞ አንድ ቀን ከአጥሩ አላወጣትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ያስነሳታል፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፤ ያጠፋታል። ሰውዬው መኪና ነው የሚጠግን ወይስ እስረኛ ነው የሚያንሸራሽር፣ ትል ነበር በዛች።

ክንፈ ከሰዓት ደረሰ። የአበቡ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጅዳ ሹፌር ነው። ከአቀስታ በሚኒባስ መጥቶ ከመንገድ ጀምሮ እየጮኸ ገባ። "አባዬ! አባዬ! አፈር እንኳ ሳላለብስህ!" ደረቱን ሲደቃ ሦስት ጎልማሳ ያዙት። "አብሽር፣ አብሽር ወንድሜ፤ አላህ የወሰደውን ማን ይመልሳል" አሉት። ሲደክመው ተቀመጠ። ውሃ ጠጣ። ስለ ክላክሱ ነገሩት።

ሰምቶ ቀና አለና፣ "እያለቀሰችለት ነው" አለ። "ነገ ሰልስት አይደል? ነገ ለቅሶው ሜዳ ትወርዳለች።"

በዚያ አገር ደህና ሰው ሲሞት በቅሎው ትጫናለች። መረሻቷን፣ የክብር ልብሷን፣ ለብሳ፣ ኮርቻዋ ባዶ፣ በለቀስተኛው መሀል ትዞራለች። ያኔ ነው ያላለቀሰ ሰው የሚያለቅስ።

"አባቴ በቅሎ አልነበረውም" አለ ክንፈ። "ይቺ ነበረችው። እኔ ራሴ ነድቼ አዞራታለሁ።"

ወጣቶቹ "ደግ ብለሃል!" አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን፣ አበቡ አይታለች፣ አንድ ላይ መሬት መሬት አዩ። ጠጉሩ የሸበተ ሁሉ፣ እንደተነጋገረ፣ የራሱን ጫማ።

የቅሬው ዳኛ አያ ይርዳው ናቸው። ቅሬ ማለት ቀባሪ ነው፤ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚዋጣበት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ጉድጓድ የሚቆፍር። የቅሬን ቃል የሚሽር የለም፤ ሁሉም ይሞታላ!

"ይቅር፣ ልጄ" አሉ ይርዳው።

"ለምን ይቀራል?"

"ይቅር ነው የምልህ።"

"ምክንያት የለውም አያ ይርዳው?"

"የለውም።"

"የባለጸጋ በቅሎ ስትሆን ሜዳ ይጠረግላታል፤ የመካኒክ ስትሆን ይቅር! አባቴ የስንቶቻችሁን ወፍጮ ጠገነ?"

ይርዳው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ በዛችን አዩ፤ ዘጉት። በዛችም፣ ተአምር ነው፣ አንድ ቃል አልወጣትም።

አመሻሽ ላይ አበቡ ጓሮ ስትሄድ ክንፈ ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሷል። መኪናዋን ከድንጋዮቹ አውርዷታል፤ አይጥ የበላውን ሽቦ ጠቅልሎታል። እንደ አባቷ ጀርባ ያለ ጀርባ። ከዚያ ዘይቱ ሸተታት።

"ክንፌ፣ ፍሬኑ ላይ ምን ጨመርክ?"

"ደርቆ ነበር። ዘይት ጨመርኩበት።"

"የምን ዘይት?"

"የፍሬን ዘይት ደሴ ካልሆነ የለም አሉኝ። የሞተር ጨመርኩ። ዘይት ዘይት ነው፣ እታለም።"

"አይደለም! በሞትኩት! የሞተር ዘይት ውስጡ ያለውን ላስቲክ፣ ጎሚኒውን፣ ያሳብጠዋል። ጎሚኒው ካበጠ ፍሬኑ ይከዳል።"

"ነይ ራስሽ እርገጪው።"

ረገጠችው። ደህና ነው፤ ጠንካራ።

"ያዘ አይደል?"

"ዛሬማ ይይዛል። ጎሚኒ ወዲያው አያብጥም፤ ሲያድር ነው። አውርደህ ሁሉንም በፍሬን ዘይት ማጠብ አለብህ፤ ጎሚኒውን መቀየር አለብህ። አባዬ..."

"አባዬ! አባዬ!" ክንፈ ጨርቁን ወረወረ። "አባዬ አንድ ቀን አልነዳትም። ሲያጥብ፣ ሲቀባ፣ ሲያጥብ፣ ሲቀባ። ለማን ነበር? እኔ ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፣ እታለም። አንቺ አፈር አልብሰሽዋል። እኔ ምን አደረግኩለት? ይቺን እንኳ ሜዳ ላውጣለት።"

እንባው መጣ። እሷም የወረወረውን ጨርቅ አነሳችለት።

ልጅ ሆና ፋኖስ ትይዝለት ነበር፣ አባቷ መኪናዋ ስር ሲተኛ። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ "አስነሳትና እንያት!" ሲለው አልሰማም። "የቆየ ሞተር በችኮላ አይነሳም" አላት። "እሳት የሚጭረውን ካንዴላ አውልቂ፤ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጣል አድርጊ፤ ተዪው፣ ይጠጣ። ከዚያ በእጅሽ አዙሪው። እንቢ ካለ አትታገዪው፤ ጨምሪለት፣ ጠብቂ። ታንከሩን እጠቢ፤ የቆየ ቤንዚን ሙጫ ነው። ብረት ቢዝግ ይፋቃል። ጎሚኒ ግን በእድሜ ይሞታል፤ ቆሞ እንኳ ይሞታል።"

"ታዲያ መቼ ነው የምትነሳው?"

"መጀመሪያ ማቆሚያዋ። ሰው ሁሉ ማስነሳት ይወዳል። አበብዬ፣ ማቆሚያዋን ሳታሰናጂ ያስነሳሽው ነገር የአንቺ አይደለም።"

የፍሬን ዘይት ጣሳ ሲከፍት ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ያሸታል። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሞ። እሷንም ያስሸትታታል። አንድ ቀን ጣሳውን አፍንጫው ላይ እንደያዘ ሲቀር አየችና፣ "ምን ሆነሃል?" አለችው። "የሞተር ዘይት የገባበት ጎሚኒ" አለ፣ ሌላ ቦታ እያየ፣ "ውሃ እንደወሰደው ሬሳ ነው የሚያብጥ።" እና ያን ቀን ሥራውን ጥሎ ገባ። እሷ ድካም መስሏት ነበር።

ክንፈ ከጓሮ ሲገባ፣ ከመተኛቷ በፊት፣ ወደ ካንዴላዎቹ እሳት የሚወስደውን ወፍራሙን ሽቦ ነቅላ ብብቷ ስር ሸጎጠች። እስቲ አሁን ትነሳ፣ አለች። ጠዋት ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ክንፈ መጥቶ ከወጣቶቹ ጋር ሲስቅ ሰማችው። "ሌባም ለቀስተኛ ሆኖ ይመጣል! ሽቦ ሰርቀውኛል። ችግር የለም፣ ሌላ ቆርጬላታለሁ።" ሹፌር አይደል፤ ማን ያታልለዋል።

ሜዳው ከቤቱ በታች ነው። ከአጥሩ በር ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል፤ መሀሉ ላይ ይለጠጣል፤ ከዚያ እንደገና አዘንብሎ ገደል አፍ ላይ ያልቃል። በቀኝ በኩል የድንጋይ ካብ አለ፤ ካቡ ላይ የአንድ ገበሬ የጭድ ክምር ተደግፏል። ሰዉ ከገጠሩም ከከተማውም መጥቶ ሜዳውን ሞልቶታል። ሴቱ ክብ ሠርቶ፣ አልቃሿ መሀል ገብታ፣ ሕፃናት ፊት ለፊት።

አበቡ ተነሳች። የያዟትን እጆች መንጭቃ አያ ይርዳውን በሩ አጠገብ አገኘቻቸው። በዛችም እዚያው ነበረች፤ ወሬ ባለበት አትጠፋም።

"አያ ይርዳው፣ ይከልክሉት። መኪናዋ ፍሬን የላትም። የሞተር ዘይት ጨምሮባታል፤ አድሮባታል።"

የይርዳው ፊት አመድ መሰለ። "ምን ዘይት አልሽ?"

"የሞተር።"

"ያረቢ!" አሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ሲደነግጡ ያረቢ ነው። "ደግሞ እንደገና?"

"ምንድነው ደግሞ እንደገና?"

"ምንም።"

"አያ ይርዳው፣ ምንድነው እንደገና?"

በዛች ከዘራዋን ተክላ ወደ አበቡ ዞረች። "እናትሽ የሻለም በምንድነው የሞተች?"

"ታማ። ደሴ ሐኪም ቤት።"

"በዛች!" ጮኹ ይርዳው። "ቃል አለብሽ!"

"ቃሉን የሰጠነው ለአራጋው ነው፤ አራጋው ሞቷል።"

"ቀባሪ ታጫለሽ! የማልነው እንደዚያ ነው!"

"ጅብ ይቅበረኝ! ለነገሩ ሥጋም የለኝ፣ እሱም ይማረርብኛል።" ከዚያ ቀልዷ ከፊቷ ጠፋ፤ የአበቡን እጅ ያዘች። "ስሚኝ ልጄ። አባትሽ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። እናትሽን ወደ ደሴ ሲወስዳት መንገድ ላይ የፍሬን ዘይት አለቀበት። ዘይት ዘይት ነው ብሎ የሞተሩን ጨመረ። ያዘለት። መንገድ አደሩ። በነጋታው ከአቀስታ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ከዳው። መኪናዋ ስትገለበጥ እሱን በበሩ ወረወረችው። እናትሽን ይዛ ወረደች።"

አበቡ ጓሮውን አየች። ሰማያዊው ኮፈን በአጥሩ በላይ ይታያል። "የትኛዋ መኪና?" አለች፣ መልሱን እያወቀች።

"አንቺ አምስት ዓመትሽ ነው፤ ክንፈ ገና ጡት መጣሉ። አራጋው ቅሬው ፊት ተንበረከከ። 'ልጆቼ እናታቸውን የገደልኩ እኔ መሆኔን አይወቁ፤ እኔ ብቻ ልወቀው' አለ። ማልንለት። ያወራ ሰው ቀባሪ አይኑረው ብለን። እኔ በዛች፣ እኔ እንኳ፣ ይኸው ስንት ዓመት..."

ጓሮ ውስጥ ሞተሩ ተነሳ።

እንዴት ያለ ድምፅ ነው! አንድም አያንኳኳ፣ አንድም አያስል። ሜዳው ላይ ያለው ሰው "እልል" ሊል ምንም አልቀረውም። ይርዳው ከዘራቸውን ወርውረው ቁልቁል ሮጡ። "ልቀቁ! ሜዳውን ልቀቁ!" ይላሉ። ማን ይሰማል! ሰዉ ጭራሽ መኪናዋን ለማየት ወደ ላይ ገፋ።

አበቡ መኪናዋ ከአጥሩ በር ስትወጣ ደርሳ የጎኑን በር ከፈተች። ወንበር የለም። ባዶው ብረት ላይ ተቀመጠች፤ ራሷ ከመስኮቱ በታች ሆነ።

"ምን ሆነሻል እታለም? ውረጂ! ሰው ምን ይለናል?" ክንፈ የአባቱን ኮት ለብሷል። መኪናዋ ከአጥሩ ወጥታ አፍንጫዋን ወደ ታች ሰጥታለች።

"እናታችን እዚህ ነበረች።"

"የት?"

"እዚህ፣ የተቀመጥኩበት። በሽታ አይደለም የገደላት። ይቺ ናት። አባዬ ነበር የሚነዳ። የፍሬን ዘይት አጥቶ የሞተር ጨምሮባት።"

ክንፈ ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተ። አላሳቀውም። ወንበሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ፤ መጋዙ የቆረጠውን ጠርዝ አየ።

"አቁማት" አለችው።

ረገጠ። መኪናዋ ተነቀነቀችና ዘገየች። "ያዘች" አለ ትንፋሹን እየለቀቀ። ቃሉ ሳያልቅ እግሩ ሰመጠ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ።

እንደገና ረገጠ። ባዶ።

ከታች አልቃሿ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ መኪናዋ እየመጣች ነበር፤ በቅሎ እንደሚቀበሉት። ሕፃናቱ ከኋላዋ።

"ፍሪሲዮን እርገጥ!" አለች አበቡ።

"አልያዘችም! እታለም አልያዘችም!"

"ፍሪሲዮን! በግራ እግርህ!"

ረገጠ። እሷ መሪው ስር ያለውን ማርሽ ጨብጣ ወደ አንድ መታችው። "ልቀቅ!" ሲለቅ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ በሁለንተናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ፍጥነቷ ተሰበረ፣ ግን አልቆመችም። አልቃሿ አሁን ቅርብ ናት፤ ዓይኗን ጨፍና ታለቅሳለች።

"ወደ ቀኝ! ወደ ጭዱ!"

ክንፈ መሪውን ጠመዘዘ። አበቡ በጉልበቱ በላይ ተንጠራርታ የእጅ ፍሬኑን እጀታ ፈለገች። ሽቦውን አባቷ በየወሩ ግራሶ ይቀባው ነበር፤ የእግሩ በዘይት ነው፣ የእጁ በሽቦ ነው፣ አንዱ ሲከዳሽ አንዱ ይኑርሽ እያለ። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች። የኋላ ጎማዎቹ ሣሩን ቆርሰው ተጎተቱ። አልቃሿ በመስኮቱ በኩል አለፈች፤ ነጠላዋ መስታወቱን ነካው። ከዚያ ጭዱ መጣ። መኪናዋ እስከ መብራቷ ገባችበት፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለና ጠፋ።



"ደነበረች!" አለ አንድ ሰው። "ጌታዋን ፈልጋ ደነበረች!"

በቅሎ ለቅሶ ላይ ስትደነብር ትልቅ ነገር ነው፤ ጌታዋን አውቃለች ማለት ነው። ሜዳው ተናወጠ። ወንዱ ደረቱን ደቃ፣ ሴቱ ፊቱን ነጨ። ሞት በአጠገቧ እንዳለፈ ያላወቀችው አልቃሽ ዓይኗን ገልጣ ጭዱ ውስጥ ያለችውን መኪና አየችና ዜማዋን አነሳች፦

"አራጋው ተነሳ፣ በቅሎህ ደንብራለች፤
ሌላ ሰው ቢይዛት፣ አላውቅህም አለች።"

ይርዳው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። በዛች ከላይ በሩ ላይ ቆማለች፤ ማንም አጠገቧ የለም።

መኪናዋ ውስጥ ጭዱ በመስኮት ይፈሳል። ክንፈ ፊት ለፊት ያያል፤ የሚታይ ነገር ግን የለም፣ ጭድ ብቻ ነው። እጆቹ መሪው ላይ ደርቀዋል።

"ቆመናል?" አለ።

"ቆመናል።"

"እያወቀ ነው እንግዲህ አባዬ የሚያጥባት። እያወቀ።"

አበቡ ቀኝ እግሩን አየች። አሁንም ፔዳሉን እንደረገጠ ነው፤ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ ወለሉ ድረስ።

"ተወው፣ ክንፌ። ቆማለች።"

"እሺ" አለ። እግሩ ግን አልተነሳም።

ካለችበት ወለል ጎንበስ አለች። ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጇ ይዛ እግሩን ከፔዳሉ አነሳችው፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።